እትዬ ጽጌና የአል ነኺሉ ኸዛን

እትዬ ጽጌ ማረፏን የነገረችኝ ሃና ናት፤ በስልክ በተላከ የድምፅ መልእክት። መልእክቱ አሥራ ሁለት ሰከንድ ነው። «የሺ፣ እትዬ ጽጌ ትናንት አርፋለች። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። አይዞሽ።» ሃናን አልወቅሳትም። ኾበር በምትባል የዐረብ ሀገር ከተማ፣ ቱቅባ በሚባለው ሰፈር፣ በአንድ ጠባብ ቤት ከአምስት ሴቶች ጋር ዓመታት የኖረች ሰው አሳጥሮ መናገር ይለምድባታል። ሟቿ ብትሰማው ግን ምን እንደምትል አውቃለሁ። «አሥራ ሁለት ሰከንድ? እኔ ለመሞት ብቻ ሃያ ደቂቃ ያስፈልገኛል» ትል ነበር። እሷ በተማረችው ጥበብ ሰው የሚሞተው እየዘፈነ ነው። ተወግቶ ይወድቃል፣ ተነሥቶ ዘመድ አዝማዱን ይሰናበታል፣ የረሳው ሰው ትዝ ይለውና ደግሞ ይነሣል።

ቀብሩ ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪኳ ግማሽ ገጽ ነበር። ስሕተት አላገኘሁበትም። ግን «ለጥቂት ዓመታትም በዐረብ ሀገር ሠርታለች» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አራት ዓመት ከመንፈቅ ዘልሎ ሄደ። እኔ የተዘለለ ነገር ሳይ እጄን ይበላኛል። ስለዚህ የተዘለለውን እጽፋለሁ።

እትዬ ጽጌ የመጣችው ከኾበር አጠገብ ባለችው ዳማም ከተማ፣ አል ነኺል በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ቪላ እኔ ዓመት ያህል ከሠራሁ በኋላ ነው። ማዳም ሁለተኛ ሠራተኛ ያስፈለጋት እናቷ ጉልበቷን ታምማ እነሱ ዘንድ ስለገባች ነበር። እናቲቱን ማማ ከቢራ እንላታለን፤ ትልቋ እማማ እንደማለት ነው። ከሀገራችን ሠራተኛ የሚመጣበት በር ሊዘጋ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ አንድ ማለዳ የግቢው በር ተከፈተና ደልደል ያለች፣ ደረቷን ነፍታ የምትራመድ ሴት ገባች። አንገቷ ላይ የሱፍ ሻርፕ ጠምጥማለች። ውጭው አርባ አራት ዲግሪ ነበር።

ማዳም ፓስፖርቱን አየች፣ ሴትዮዋን አየች፣ ፓስፖርቱን ደግማ አየች። ፓስፖርቱ «ዘሃራ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት» ይላል።

«ሠላሳ ስምንት?» አለች ማዳም።

አዲሷ ሴት በሦስት ቀን ያጠናችውን ዐረብኛ ሁሉ ሰብስባ «ሸምስ» አለች። ፀሐይ ማለቷ ነው። እንዲህ ያደረገኝ ፀሐይ ነው ለማለት በመዳፏ ፊቷን ዞረችው። ማማ ከቢራ ሶፋዋ ላይ ሆና እስክታስል ሳቀች። በዚያው ተቀጠረች።

ክፍላችን ገብተን ሻንጣዋን ስትፈታ «እርስዎ» ብዬ ጀመርኩ።

«ፓስፖርቴን ልታሳጪው ነው እንዴ?» አለችኝ። «ሠላሳ ስምንት ተብያለሁ። አንቺ በይኝ።»

«እውነቱስ ስንት ነው?»

«እውነቱማ ፓስፖርቴ በአሥራ ሦስት ዓመት ታናሼ ነው። እያሳደግሁት ነው።»

አንቺ ማለቱን ተቀበልኩ፤ እትዬ ማለቱን ግን አልተውኩም። እሷ ደግሞ ትራሴን ስታነሣ የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ አገኘች። እኔ ትምህርት የጀመርኩት በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ የማታ ተማሪ ሆኜ ነው። ሰባተኛን እንደጨረስኩ ስሰደድ መጽሐፉን ልብሶቼ መሐል ሸጉጬ ነበር። ገለጥ ገለጥ አደረገችና «እሺ፣ መርጌታ» አለችኝ። እስክትሄድ ድረስ ስሜን ጠርታው አታውቅም።

ጉሮሮዋ በዚያ ቤት ራሱን የቻለ ሰው ነበር። ቀዝቃዛ ውሃ አይጠጣም፣ በረኪና ሲረጭ ከክፍል ይወጣል፣ ሽቶ ሲሸት ፊቱን ያዞራል። ከሁሉ በላይ የአየር ማቀዝቀዣ አይወድም። እኔ ማቀዝቀዣውን እከፍታለሁ፣ እሷ ታጠፋለች። ሰውነቴ እየቀለጠ «እትዬ፣ በሙቀት ልሞት ነው» ስላት «አንቺ ብትሞቺ ሌላ መርጌታ ይመጣል፤ ጉሮሮ ግን አንድ ነው» ትለኛለች። በመጨረሻ ተደራደርን። ማቀዝቀዣው ይከፈታል፣ እሷም ትልቅ ፎጣ ተከናንባ አፍንጫዋን ብቻ አውጥታ ትተኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ከእንቅልፌ ስነቃ እያየኋት እደነግጥ ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ አትናገርም። ድምፅ በሳምንት አንድ ቀን ማረፍ አለበት ባይ ናት። ማዳም በመጀመሪያው ማክሰኞ ሦስት ጊዜ ጠርታ መልስ ስታጣ ተቆጣች። እትዬ ጽጌ ትሕትና በተሞላበት ፊት ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች። ማማ ከቢራ ወዲያው ገባት። «ስእለት አለባት፤ ለፈጣሪዋ ነው፤ ተዪያት» ብላ ልጇን ገሠጸች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት ማክሰኞ የተከበረ ሆነ። እትዬ ጽጌ የጠቆመችው ማቀዝቀዣውን እንደነበር እኔ የሰማሁት ረቡዕ ጠዋት ነው።

አንድ ቀን ድስት እያጠብን ሀገር ቤት ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቅኋት።

«ኦፔራ ዘፋኝ ነበርኩ።»

የያዝኩትን ሳህን አስቀመጥኩ። ቃሉን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ዘፈኑን በሙሉ ድምፅ፣ ያለ ማይክራፎን፣ ለሺ ሰው የሚያሰሙ ሰዎች እንዳሉ አንብቤያለሁ። ድስት ሲያጥቡ ግን አልጠበቅሁም።

«የት ነው የዘፈንሽው?»

«ቡልጋሪያ። በደርግ ጊዜ መንግሥት ልኮኝ አምስት ዓመት ተማርኩ። ከዚያ አንድ ቴአትር ቤት ሁለት ዓመት ሠራሁ።»

«ዋና ዘፋኝ ሆነሽ?»

«ከጓደኞቼ ጋር በኅብረት። ለብቻዬ የዘፈንኩት አንድ ጊዜ ነው። የገረድ ድርሻ ነበር። ወደ እመቤቲቱ እገባና 'ሠረገላው ደርሷል' ብዬ ዘፍኜ እወጣለሁ።» ድስቱን ገልብጣ ውሃውን አንጠፈጠፈች። «አየሽ መርጌታ፣ አምስት ዓመት ተምሬ ያገኘሁትን ድርሻ እዚህ ያለ ፈተና ሰጡኝ።»

ከዚያ ወዲያ ልብ ብዬ ሳያት ሥራውን በእርግጥም እንደ ድርሻ ትሠራው ነበር። ሾፌሩ ሲመጣ ሳሎኑ በር ላይ ቆም ትላለች፣ ሁለት እጇን ወገቧ ፊት ታነባብራለች፣ አገጯን ቀና አድርጋ «መኪናው መጥቷል» ትላለች በዐረብኛ። ከዚያ ጀርባዋን ሳትሰጥ፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ። ማዳም ለጓደኞቿ «ትልቅ ቤት ያደገች ናት» ብላ ታወራ ነበር።

እንዴት ለስደት እንደበቃች ግን በትክክል አላውቅም። ለሃና የልጇን ሠርግ ለመደገስ እንደሆነ ነግራታለች። ለማማ ከቢራ ከክፉ ባል ሸሽታ ነው። ለእኔ «አየር ለመለወጥ» ብላኛለች። ሦስቱንም ጽፌ አስቀምጬአቸዋለሁ፤ አንዱም ከሌላው ጋር አይገጥምም። ቀብሯ ላይ ልጅም ባልም አላየሁም።

ዓርብ ዓርብ ቤተሰቡ በሙሉ ኾበር፣ ዐቅረቢያ በሚባለው ሰፈር፣ የማማ ከቢራ እህት አፓርታማ ለምሳ ይሄዳል። እኛም የሩዙን ትሪ ተሸክመን እንከተላለን። ምሳ ተበልቶ፣ ሳህን ታጥቦ፣ ሁሉም ጋደም ሲል ማማ ከቢራ «ሂዱ፣ እግራችሁን አፍታቱ» ትለናለች። ሁለት ሰዓት ያህል የእኛ ነበር። ሌላው ሰው በዚያ ሰዓት ሱቅ ያያል፣ ሀገር ቤት ይደውላል። እትዬ ጽጌ ሥራ ነበራት። አዳራሽ ትፈልጋለች።

«ድምፅ ሙሉውን ካልወጣ ይሞታል» አለችኝ፣ ምን እንደምትሠራ ስጠይቃት። ይህን ስትናገር አልቀለደችም። «በሹክሹክታ ዓመት ማቆየት ይቻላል። ሁለት ዓመት አይቻልም። ሙሉ ድምፄን የማወጣበት አንድ ቦታ ካላገኘሁ፣ ወደ ሀገሬ የምትመለሰው ዘሃራ ናት፤ ጽጌ እዚሁ ትቀራለች።»

እንግዲህ ፍለጋው እንዲህ ነው። አንድ ሕንፃ ውስጥ ትገባለች፣ ጣሪያውን ታያለች፣ ዓይኗን ጨፍና «ህም» ትላለች። አንዲት «ህም» ብቻ። ከዚያ አዳምጣ ፍርዷን ትሰጣለች። የዐቅረቢያው አፓርታማ ደረጃ «ደረቅ ነው። በየበሩ ምንጣፍ አለ።» የባንክ ገንዘብ ማውጫ ክፍሏ «ለአንድ ተመልካች የተሠራች ቴአትር ናት።» የባሕሩ ዳር «ምንም ብትሰጪው በልቶ ዝም ነው፤ እንደ ወንድሜ።» የገበያ አዳራሹ የምድር ቤት መኪና ማቆሚያ ደግሞ «ድምፁ ጥሩ ነው፤ ግን ወሬኛ ነው። አንድ ነገር ብትነግሪው ሦስቴ ይደግመዋል።» እዚያ የሚጠብቀው ባንግላዴሻዊ ይህን «ህም» ሰምቶ የደረት በሽተኛ መስላው የሳል ከረሜላ ሰጣት። በሚቀጥለው ዓርብም ሰጣት። በኋላ በኋላ እዚያ ቦታ የሚወስዳት ማሚቶው ይሁን ከረሜላው መለየት አቃተኝ።

በወር አንድ ዓርብ፣ ባሕሩ ዳር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አንድ የማንጎ አይስክሬም ትበላ ነበር። አስቀድማ መዳፏን አንገቷ ላይ ታደርግና «ይቅር በለኝ፤ ሰው ነኝ» ትለዋለች ጉሮሮዋን። ስትበላ በጾም ቀን ቅቤ እንደሚሰርቅ ሰው ግራ ቀኝ ታያለች።

አንዳንዴ በታክሲ ቱቅባ፣ እነ ሃና ዘንድ እንሄዳለን። ሃና ጴንጤ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ ጽዳት ትሠራለች። ቤቱ ውስጥ የሚኖሩት ስድስት ሴቶች በር ዘግተው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ይዘምራሉ። እትዬ ጽጌን ሥልጠና ለመኗት።

«እኔ የማርያም ልጅ ነኝ» አለቻቸው። «ግን ትንፋሽ ሃይማኖት የለውም። ተኙ።»

ሁሉንም ወለሉ ላይ በጀርባ አስተኝታ ሆዳቸው ላይ አምስት አምስት ኪሎ ሩዝ ጫነችባቸው። ትንፋሽ ከሆድ እንጂ ከደረት አይደለም። በሹክሹክታ ዘመሩ። እሷ በመሐላቸው እየተረማመደች ታርማለች። «ሃና፣ አንቺ ከፍ አድርገሽ ነው የምታንሾካሹኪው። ሹክሹክታም ቃና አለው።» በዚህ መሐል የሕንፃው ጠባቂ የውሃ ቧንቧ ሊያይ አንኳኩቶ ገባ። ስድስት ሴቶች ተዘርረው፣ በየሆዳቸው ሩዝ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ እንዳልነበርኩ ለመምሰል ሞከርኩ። እትዬ ጽጌ ግን ዘወር ብላ «ሪጂም» አለችው። ክብደት መቀነሻ ማለት ነው። ሰውዬው ራሱን ነቅንቆ ወጣ። በሳምንቱ ሚስቱ ሩዟን ይዛ መጣች።

እንዲህም ሆኖ ከ«ህም» በቀር ዘፈኗን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እኔ ማስረጃ የምወድ ሰው ነኝ። ዓመት ሲሞላ ጥርጣሬ ጀመረኝ።

ቪላችን ግቢ ውስጥ፣ ከመሬት በታች፣ ትልቅ የሲሚንቶ ውሃ ማጠራቀሚያ አለ። ኸዛን ይሉታል። በየሁለት ወሩ ውሃው ይቀዳና ሰው በብረት መሰላል ወርዶ ያጥበዋል። የሚያጥበው ፓኪስታናዊ ሳይመጣ ቀርቶ ማዳም ግቢው ውስጥ ስትነጫነጭ እትዬ ጽጌ ክዳኑ በተነሣው ቀዳዳ አንገቷን አስግጋ «ህም» አለች። ቀና ስትል ፊቷን አየሁት። ዓመት ሙሉ ያላየሁት ፊት ነው።

«እኔ አጥበዋለሁ» አለች ለማዳም።

በማግስቱ ማዳም ቢሮ ስትሄድ ብሩሽ ይዛ ወረደች። እኔ ባልዲ ለመሳብ አፉ ላይ ቆሜያለሁ። ለጥቂት ጊዜ የብሩሽ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ቆመ። መጀመሪያ የገባኝ በጆሮዬ ሳይሆን በእግሬ ነው፤ የቆምኩበት ሲሚንቶ ነጠላ ጫማዬን አልፎ ውስጥ እግሬን አንቀጠቀጠው። ቀጥሎ ድምፁ መጣ። ከጉድጓድ የሚወጣ ሳይሆን ሰማይ ተገልብጦ ከታች የሆነ መሰለኝ። ቋንቋውን አላውቀውም፤ የሚለምን ሰው እንደሆነ ግን ገብቶኛል። ስለ ባሏ፣ ስለ ልጇ፣ ስለ ዕድሜዋ ዋሽታኝ ሊሆን ይችላል። ስለዚህኛው አልዋሸችም።

ሲያልቅ በመሰላሉ እስከ ወገቧ ብቅ አለች። ፀጉሯ ላይ አረንጓዴ የውሃ ሻጋታ ተጣብቋል፤ ብሩሹን ደረቷ ላይ ይዛ እጅ ነሣች።

«እንዴት ነበር?»

«ጥሩ ነበር።»

«ጥሩ የሚባለው ሽሮ ነው» አለችና ተመልሳ ወረደች።

ከዚያ በኋላ በየሁለት ወሩ የነበረው እጥበት በየወሩ ሆነ። እትዬ ጽጌ ሻጋታ ታያለች፣ ዝቃጭ ታያለች፣ አንዴማ እንቁራሪት አየሁ ብላለች። ማዳም ለጎረቤት ሁሉ «በአል ነኺል እንደኛ ንጹሕ ውሃ የሚጠጣ የለም» አለች። እውነቷን ነበር።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ የማማ ከቢራ ጉልበት ባሰበትና ከፎቅ ወርዳ ምድር ቤት፣ የእንግዳ ክፍል ገባች። የኸዛኑ የአየር ቱቦ ግድግዳውን ታክኮ ወጥቶ የሚያበቃው የዚያ ክፍል መታጠቢያ ቤት መስኮት ሥር እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም። ማማ ከቢራ አንድ ረፋድ ለጸሎት ልትታጠብ ስትገባ ከምድር ሥር ሴት ስታለቅስ ሰማች። ለማንም አልነገረችም። በወሩ ደግማ ሰማች። በሦስተኛው ለልጇ ነገረቻት። ጂኒ ናት።

ቤቱ ተተራመሰ። ቁርኣን የሚያነቡ ሼኽ ተጠሩ፤ ውሃ ላይ አንብበው በየጥጉ ረጩና አንድ ነገር ተናግረው ሄዱ። ቤት ውስጥ የተሸሸገ የድግምት ነገር ካለ ፈልጉ አሉ። ያኔ እትዬ ጽጌን አየኋት። እሷም አየችኝ። ያልፋል ብለን ዝም አልን። ስሕተታችን ይህ ነው።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ማዳም ክፍላችን ገብታ ፍራሼን ገለበጠች። ደብተሬን አገኘችው።

እኔ በዚያ ሰሞን ጂኦሜትሪ ላይ ደርሼ ነበር። ማዳም ገለጠችው። ሦስት ማዕዘን፣ በየማዕዘኑ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መሐሉ ላይ ቁጥር። ቀጥሎ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ሦስት ማዕዘን፣ በዙሪያው ሌላ ፊደል። በእሷ ዓይን ሳየው እኔም ራሴ ፈራሁት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሒሳብ ነው፣ ማዳም።»

«ሠራተኛ ሒሳብ ምን ያደርግላታል?»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ፈተና ተፈትኛለሁ። የዚያን ያህል የከበደ ጥያቄ አልገጠመኝም። ማዳም ራሷ መለሰችው፤ «ድግምት ነው» አለች። ደብተሬንና ስልኬን ይዛ፣ ባሏ ሐሙስ ከባሕር ላይ ሥራው ሲመለስ ለፖሊስ እንደሚያስረክበኝ ነገረችኝ። በድግምት የተከሰሰች ሠራተኛ የት እንደምትገባ ሁላችንም እናውቅ ነበር። እርስ በርሳችን እንኳ አናወራውም።

እትዬ ጽጌ ጥግ ላይ ልብስ ትተኩስ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ ቀን አንድ ቃል ወጥቷት አያውቅም። ካውያውን አቆመችው።

«ማዳም» አለች። «ጂኒዋ እኔ ነኝ።»

ማዳም አላመነቻትም። ይባስ ብላ አዘነችላት። «ዘሃራ ደግ ናት፤ ልጅቷን ልታድን ነው» አለች ለእናቷ። እትዬ ጽጌ ኸዛኑን፣ ቱቦውን፣ ብሩሹን በምልክት አስረዳች። ማማ ከቢራ ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ራሷን ነቀነቀች።

«እኔ የሰማሁት የወጣት ልጅ ድምፅ ነው» አለች። «ይህች ሴት አይደለችም።»

እትዬ ጽጌ ወደ እኔ ዞረች። «ወጣት ነው ያለችው?»

«አዎ።»

«መርጌታ፣ በዚህ ሰዓት ደስ ስላለኝ ይቅር በይኝ» አለችኝ።

ማስረጃ ማቅረብ ነበረባት። ኸዛኑ ደግሞ ከታጠበ ሳምንቱ ነው፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ስለዚህ በማማ ከቢራ መታጠቢያ ቤት ልትዘፍን ተስማማች። ከዚያ ቅድመ ሁኔታዋን ትደረድር ጀመር። የምድር ቤቱ ማቀዝቀዣ ሁሉ ይጥፋ። ለብ ያለ ውሃ ይምጣ። ለማማ ከቢራ ወንበር ከበሩ ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ማዳም እግሯን አጣጥፋ እንዳትቀመጥ። ቀጥሎ በር ዘግታ «ሚሚሚ፣ ማማማ» እያለች ጉሮሮዋን ማሞቅ ያዘች። አምስት ደቂቃ ሄደ። አሥር ሄደ።

በሩን ገፋ አድርጌ «እትዬ፣ በናትሽ ፍጠኚ፤ ልታሰር ነው» አልኳት።

«ያልሞቀ ጉሮሮ ማስረጃ አይሆንም። ዘፍኜ የሰማችውን ካልመሰለ ሁለታችንም ነን የምንታሰረው። ሂጂ፣ ተቀመጪ፤ አታዋክቢኝ።»

ግማሽ ሰዓት ሞላ። ማዳም በላብ ተጠምቃለች፤ ግን እግሯን አላጣጠፈችም።

ከዚያ ዘፈነች። ያችኑ የምትለምነውን። ማዳም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ማማ ከቢራ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ወደ በሩ አዘነበለች፤ እስኪያልቅ አልተንቀሳቀሰችም። ሲያልቅ የቧንቧው ጠብታ ይሰማ ነበር።

«እሷ ናት» አለች ማማ ከቢራ። ዓይኗን ገለጠችና «ከታች ሲሆን ግን ይሻላል» አለች።

ተረጎምኩላት። እትዬ ጽጌ ላቧን እየጠረገች «እውነቷን ነው» አለች። «የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ይጮኻል።»

ማማ ከቢራ ወደ ልጇ ዞረች። «ለልጅቷ ሒሳቧን መልሺላት።»

ደብተሬ ተመለሰ። ለእትዬ ጽጌ ግን ነገሩ በዚህ አላለቀም። ባባ የምንለው የማዳም ባል ሐሙስ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁንም ከፍ አላደረገም። የቤቱ ሠራተኛ ድምፅ በቱቦ ለስንት ጎረቤት እንደደረሰ ሲያስበው ግን አልቻለም። «ኸላስ፣ ኹሩጅ» አለ። በቃ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ይውጣላት ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ መመለስ የለም።

ክፍላችን ውስጥ አለቀስኩ። «በእኔ ምክንያት ነው» አልኳት።

«ምን አገባሽ አንቺ» አለች ልብሷን እያጣጠፈች። «በድምፄ ምክንያት ነው የተባረርኩት። ቡልጋሪያ ሁለት ዓመት ዘፍኜ ጎረቤት እንኳ አልከሰሰኝም።» ቀጥላ «ያን ኸዛን ግን የሚያህል አዲስ አበባ አላገኝም» አለች። ይህን እንኳ ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር ያለችው።

ማዳም ደግሞ ሌላ ጭንቀት ነበረባት። «ሦስት ዓመት ሙሉ ዘፈን ስንጠጣ ኖርን» አለችና ኸዛኑ ተቀድቶ በአዲስ እንዲታጠብ አዘዘች። የሚያጥቡት ሰዎች ከሳምንት በፊት አይመቸንም አሉ። ያኔ ማማ ከቢራ ፈገግታ በሌለበት ፊት «ያቆሸሸችው እሷ ናት፤ ሳትሄድ ታጥበው» አለች።

የጉዞዋ ቀን እሑድ ረፋድ፣ ማዳም ቢሮ ነበረች፤ ባባም ወጥቷል። እትዬ ጽጌ ብሩሿን ይዛ ወረደች። ማማ ከቢራ ልታጠብ ነው ብላ መታጠቢያ ቤት ገባች፤ ወንበር አስይዛኝ። በሩን ዘጋች። እኔ አፉ ላይ ቆሜ ባልዲ ሳብኩ። እትዬ ጽጌ ከታች ሦስት ዘፈኖች ዘፈነች። ያን ጊዜ ሁሉ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የቧንቧ ድምፅ አልተሰማም።

ከኸዛኑ ወጥታ ተጣጠበች፣ አባያዋን ለበሰች፣ ሻንጣዋ ተጫነ። እኔ የውሃውን መክፈቻ ለቀቅሁና ማማ ከቢራን ከወንበሯ ለማንሣት ገባሁ። እጇ ደረቅ ነበር። ክንዴን ይዛ ስትነሣ «ሁለተኛውን ቸኩላበታለች» አለችኝ።

ሮጬ ወጣሁ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል፤ እትዬ ጽጌ አንድ እግሯን መኪናው ውስጥ አስገብታለች። ነገርኳት።

«ማን ነው ያለው?»

«ማማ ከቢራ።»

«ሁለተኛውን?»

«ሁለተኛውን።»

አሰበች። ሾፌሩ ሰዓቱን አሳያት። አላየችውም።

«ውሃው ተለቋል?»

«አሁን ነው የለቀቅሁት።»

እግሯን ከመኪናው አወጣች። «ውሃው ደረቴ እስኪደርስ አንዴ ለመዝፈን ይበቃኛል» አለችና አባያዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ወደ መሰላሉ ሄደች።